እስክትገላገል

ስልኩ የሚጠራው ኖላዊት ቁርሷን በልታ፣ ሳህኗን አለቅልቃ፣ በረንዳው ላይ ካለው ወንበር ስትቀመጥ ነው። አንድም ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ደዋይዋ እናቷ ናቸው፤ ወይዘሮ ህሊና፣ ከወልዲያ።

«እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። ልጅቷ ትንቀሳቀሳለች?»

«ስትራገጥ ነው ያደረችው።»

«ጎበዝ። እግር አላት ማለት ነው።»

ከዚያ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ሐዋሳ ላይ ስለበረታው ሙቀት ይጠይቋታል። ኖላዊት ትመልሳለች፤ እናቷ ያዳምጣሉ። በመጨረሻ «በይ ደህና ዋይ፣ ማርያም ትጠብቅሽ» ብለው ይሰናበታሉ። ኖላዊት ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ትንሽ ሳትነሳ ትቆያለች። የሆነ ነገር ይቆረቁራታል። ምን እንደሆነ ግን ለይታ መናገር አትችልም።

ሰባተኛ ወሯ ገብቷል።

በዚያን ዘመን ሳይታከሙ ልጅ ማግኘት እንደ ዕጣ የሚታይ ነገር ሆኗል። አንዲት ሴት እንዲሁ አረገዘች ከተባለ ወሬው ከሰፈር ሰፈር ይዳረሳል፤ የማያውቋት ሴቶች ሳይቀሩ ሰበብ ፈልገው ቤቷ ይመጣሉ። ሌላው ሰው ወደ ወሊድ ማዕከሉ ይሄዳል። ማዕከሉ ለባለትዳሮች ሁለት መንገድ ያቀርባል። አንደኛው ውጫዊ ማኅፀን ነው። ሰዉ ግን በዚህ ስም አይጠራውም፤ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እንስራ ይለዋል። ፅንሱ እዚያ ያድጋል፣ ወላጆች በሳምንት አንድ ቀን መጥተው በመስታወቱ በኩል ያዩታል፣ ዘጠኝ ወሩ ሲሞላ ይረከባሉ። አብዛኛው ሰው ይህን ይመርጣል፤ ሴቶቹም ሥራ አይፈቱም።

ኖላዊትና ባሏ ኬብሮንም መጀመሪያ የመረጡት እንስራውን ነበር። ከዓመታት ሙከራ በኋላ የተገኘው የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያ ነው የተቀመጠው። አንድ ቅዳሜ ሊያዩት ሲሄዱ በረድፉ ውስጥ የእነሱ መብራት ብቻ ጠፍቶ አገኙት። በአዳራሹ የነበሩት ሌሎች ወላጆች ፊታቸውን ወደየራሳቸው መስታወት መለሱ። ኖላዊት ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ አዳራሽ አልገባችም። ሁለተኛው ፅንስ ሲገኝ «በራሴ ሆድ» አለች።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ተፈቅዷል፤ ግን ዶቃ ያስፈልገዋል። ዶቃው ከአንገት አጥንት ሥር፣ ከቆዳ በታች ይገባል። የልብን ምት፣ የደምን ሁኔታ፣ የእንቅልፍን ጥልቀት ለማዕከሉ ይነግራል።

«ዶቃው ሩጫንና ፍርሃትን ይለያል» አሏት ዶክተር ማርኮን፣ ያስገቡላት ቀን። «ደረጃ ቢወጡ ያውቃል። ቢደነግጡም ያውቃል። ድንጋጤ ብቻውን ችግር የለውም፤ ማንም ይደነግጣል። ፍርሃቱ ወሰኑን አልፎ ከቆየ ግን ፅንሱን ይጎዳል። ያኔ መኪና እንልክና ልጁን ወደ ውጫዊ ማኅፀን እናዛውራለን። ፈቃድዎን አንጠይቅም። ከወሰኑ በታች እስከሆኑ ድረስ ግን ያለ ፈቃድዎ ማንም አይነካዎትም።»

«የሚዛወሩት ልጆች ይተርፋሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ብዙዎቹ» አሏት ሐኪሙ።

በክትትል ቀን አጠገቧ የምትቀመጥ ፌቨን የምትባል ሴት ነበረች፤ ሳቂታ፣ ከሁሉም ጋር የምትግባባ። ወንድሟ በድንገት መሞቱን አንድ የሥራ ባልደረባው ደውሎ ነገራት፤ ሰውየው እርጉዝ መሆኗን አያውቅም ነበር። የማዕከሉ መኪና ሲደርስ አልጋ ሥር ገብታ አገኟት። ልጁ እንስራ ውስጥ ብዙም አልቆየም። ኖላዊት ይህን የሰማችው ከራሷ ከፌቨን ነው፤ ሆዷ ጎድሎ፣ ማዕከሉ በር ላይ ቆማ፣ ዕቃዋን ልትወስድ በመጣችበት ቀን። ያን ዕለት ኖላዊት ዶቃው እንዳይሰማት ፈርታ፣ እንዳትፈራ ደግሞ ፈርታ፣ የአስፋልቱን ዳር እያየች ቀስ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ኑሮዋ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሆነ። ቤቷ ያለው ሬዲዮ መጥፎ ዜና አያወራም። የምትሳፈርበት ሾፌር አልባ ባጃጅ አደጋ ባለበት መንገድ አያልፍም፤ ሳትጠይቀው ዞሮ በሐይቁ ዳር ይወስዳታል። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ማለዳ በሰፈሩ ሲዞር በእነሱ በር አጠገብ ጡሩምባውን ከአፉ ያነሳል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ጎረቤቶቿ ሲያገኟት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁሉም ፈገግ ይላል።

እናቷ ብቻ ነበሩ የማይለሰልሱት።

ወይዘሮ ህሊና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወልዲያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ነበሩ። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ በኋላም ጥግ ላይ ቆመው የተሳሳተውን በእጃቸው ማስቆም አልተዉም። ስልክ ላይም እንደ መንገድ ላይ ናቸው። ሰው ሳይጨርስ ይጀምራሉ፣ የሚሉትን ብለው ሲያበቁ ይዘጋሉ። መሰናበት የሚባል ነገር አያውቁም። ኬብሮንን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ ሳይደግስ ስላገባት «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት። «ያ ሰውዬ በደንብ ይመግብሻል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ሳይጠብቁ ስለ ሌላ ነገር ይቀጥላሉ። በሦስተኛ ወሯ አካባቢ «ፍርሃትሽን የሚቆጥር ዕቃ ቀብረውብሽ እንዴት ነው የማትፈሪው?» ብለዋት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግተውባታል። ኖላዊት ያን ቀን ስቃ ነበር።

አሁን ግን ቆይቷል ካሳቋት።

አንድ ማለዳ፣ እንደ ወትሮው ስለ እንቅልፏ ከጠየቋት በኋላ፣ እናቷ «ኬብሮንስ እንዴት ነው?» አሉ።

ኖላዊት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው።

«ልጄ? አለሽ?»

«አለሁ። ደህና ነው።»

«በርቺ ብሎ ይደግፍሻል አይደል? እሱም ደክሞታል።»

«አዎ እማዬ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሲቆረቁራት የከረመው ነገር ገሃድ ወጣላት። እናቷ በስሙ ጠሩት። እናቷ እስክትጨርስ ያዳምጧታል። እናቷ ይሰናበቷታል። ይህ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ካለፈው ወር መጀመሪያ ወዲህ ይመስላታል። ያኔ ኬብሮን ለሥራ ብሎ ይርጋ ዓለም ሰንብቶ መጥቷል።

በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። የኬብሮን እናት ወይዘሮ ኤልሻዳይ ከእናቷ ጋር ገና ከመጀመሪያው ቀን ያልተስማሙ ሰው ናቸው። በአንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ለየብቻ ድንኳን ሥር እስከ መቀመጥ ደርሰዋል።

«እማዬ» አለች፣ «የልጅቷን ስም ወስነናል። በኬብሮን እናት ስም ልንጠራት ነው። ኤልሻዳይ።»

እናቷ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ዓረፍተ ነገር አያስጨርሷትም።

«ቆንጆ ስም ነው» አለ ድምፁ። «እናንተ ከወደዳችሁት እኔም ወድጄዋለሁ።»

የእናቷ ድምፅ ነው። ያው የወልዲያ አነጋገር፣ ከዓመታት ፉጨትና ጩኸት የሻከረው ያው ጉሮሮ። ኖላዊት ከእግሯ ጀምሮ ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። ልጅቷ ሆዷ ውስጥ ተገላበጠች።

«በይ ደህና ዋይ፣ ማርያም ትጠብቅሽ» አለ ድምፁ።

«አሜን» አለች።

ልጅ ሆና መንገድ መሻገር ትፈራ ነበር። እናቷ በዩኒፎርማቸው መሃል መንገድ ላይ አቁመዋት «መኪናው ሲመጣ ዓይንሽን አትጨፍኚ። የጨፈነ ነው የሚገጨው። ሰሌዳውን እያየሽ አንብቢው» ይሏት ነበር። ከወንበሯ ተነሳች። የበረንዳውን ብረት ያዘች፤ ዓይኗን ገልጣ ፊት ለፊት ያለውን ማንበብ ጀመረች። የጎረቤት በር፣ አረንጓዴ። በሩ ላይ የተለጠፈ የውሃ ማስታወቂያ። ሽቦ ላይ የተሰጣ የልጅ ሹራብ። ትንፋሿን ከሆዷ እያወጣች አንዱን ነገር ከሌላው ቀጥላ አነበበች።

ስልኩ ጠራ። ሲስተር ረድኤት ነበረች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትከታተላት የማዕከሉ ነርስ።

«ወይዘሮ ኖላዊት፣ ምትዎ ትንሽ ከፍ ብሎ አየሁት። ምን ነበር?»

«አይጥ አየሁ» አለች።

«አይጥ።»

«በረንዳው ላይ። አሁን ሄዷል።»

«አዎ፣ እየወረደ ነው። ውሃ ይጠጡ» አለቻት።

ከሁለት ቀን በኋላ የቀረው ተገለጠ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኖላዊት የመኝታ ቤቱን መስኮት ገርበብ አድርጋ ጋደም ብላለች። እትዬ ሊዲያ፣ በጎን ያሉት አሮጊት ጎረቤቷ፣ ከአንዲት ሴት ጋር ግቢው ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ። ሴትየዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለ አንድ ነገር ታወራለች።

«ቀስ በይ እንጂ» አሉ እትዬ ሊዲያ። «እስክትገላገል አትረዳም ተብሏል።»

ሴትየዋ ወዲያው ወደ ልብሱ ተመለሰች።

አትረዳም። ይህን ቃል በዚህ መንገድ የሚለው ሰው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወራው። ኖላዊት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው አድጋለች፤ እገሌ ሳይረዳ ቀረ፣ እገሊት ዛሬ ተረዳች። መርዶ ነው። ጎረቤቱ ያውቃል። ጡሩምባ ነፊው ያውቃል። ለሷ ያልተነገራት ሞት የእናቷ ነው፤ እናቷ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ደውለውላት ነበር።

አልጋው ላይ እንዳለች ጣሪያውን ማንበብ ጀመረች። ስንጥቅ። የመብራት ገመድ። የዝንብ ጥላ። ስንጥቁ የሚያበቃበት ጥግ። አፏን በትራሱ አልሸፈነችም፤ ትንፋሽ ሲታፈን ዶቃው እንደሚያውቅ ታውቃለች። ዕንባም ቢሆን ይቆጠራል። ልጅቷን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዓይኗ እስኪደርቅ ድረስ ገልጣ፣ የእትዬ ሊዲያ አንሶላ ሲራገፍ እየሰማች ቆየች። ያን ቀን ማዕከሉ አልደወለም።

ማታ ኬብሮን ከሥራ መጣ። የሐይቁን ውሃ የሚያጣራው ጣቢያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሁልጊዜ እርጥብ አፈር ይሸታል። ከይርጋ ዓለም ከተመለሰ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም።

«ልትተወው ነው እንዴ ጢሙን?» አለችው፣ ወጡን እያወጣችለት።

እጁ እንጀራው ላይ ቆመ። «ሰነፍኩ» አለ። «ካልወደድሽው እላጨዋለሁ።»

«ተወው። ያምርብሃል።»

ኬብሮን አንገቱን ደፋ። ጎረሰ፤ ግን ማኘኩን ረሳው። ኖላዊት ይህን ሰው እናቷን የቀበራቸው እሱ መሆኑን እያወቀች ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ብትጠይቀው ወይ ይዋሻታል ወይ ይነግራታል። ቢዋሻት አትችለውም፤ ቢነግራት ደግሞ መኪናው ይመጣል። እሱም ይህንኑ ስሌት ይዞ ወር ሙሉ እንደከረመ ገባት። ጭልፋውን አንስታ ጨመረችለት።

በክትትሉ ቀን ሲስተር ረድኤት የሆዷን ዙሪያ ስትለካ ኖላዊት ቀስ ብላ «እናቴ ስትደውልልኝ መስመሩ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው?» ብላ ጠየቀቻት።

የሲስተር ረድኤት እጅ ቆመ። ወጣት ናት፤ አንድ ልጅ በእንስራ አግኝታለች፣ ሌላ ለማግኘት ተራ ትጠብቃለች። ዓይኗን ወደ ግድግዳው መስታወት ላከች። የኖላዊት ምት እዚያ ላይ እንደ ቀጭን ክር ይሄዳል።

«ከፌቨን ወዲህ ሁሉም ጥሪ በእኛ በኩል ያልፋል» አለች። «ባልዎ ሲፈርሙ የተስማሙበት ነው። እናቶችን ለመጠበቅ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ወይዘሮ ኖላዊት» አለች ሲስተር ረድኤት ድምጿን አሳንሳ፣ «ምትዎን እያየሁት ነው። ደህና ነው። ሌላ ምንም ባይነግሩኝ ይሻለኛል። ከሰማሁ መመዝገብ አለብኝ።»

«ምንም አልነገርኩሽም።»

«ምጥ ሲጀምር ወሰኑ ይነሳል» አለች ነርሷ፣ ሜትሩን እየጠቀለለች። «ማንም እያማጠ አይረጋጋም። ያኔ ዶቃው ዝም ይላል። እስከዚያ ድረስ ነው።»

ኖላዊት እስከዚያ ድረስ መኖር ጀመረች።

ስልኩን አለማንሳት አይቻልም፤ አለማንሳቷ ራሱ ይመዘገባል። ስለዚህ በየማለዳው አነሳች። «እማዬ» አለች። ድምፁ ስለ ሙቀቱ ሲጠይቃት መለሰች። መጀመሪያ ላይ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ ነበር። በኋላ ግን ከዚህ የባሰ ነገር መጣ፤ ለመደችው። ድምፁ ያዳምጣል። ድምፁ አይቆጣም። ዕድሜ ልኳን ከእናቷ ትመኘው የነበረውን ነገር ሁሉ በየቀኑ ይሰጣታል። አንድ ማለዳ ስልኩ ትንሽ ሲዘገይ ልቧ ሲጠብቀው ያዘችው። የዚያን ዕለት እናቷ በእውነት ሲቆጡ ድምፃቸው እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ፈለገች። አልመጣላትም። የመጣላት የለሰለሰው ነበር። ከሁሉም ነገር ያን ያህል የፈራችው የለም። ሰሌዳ ማንበቡ ያን ቀን ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ማዕከሉ ሳይታዘበው አልቀረም። በዘጠነኛው ወር መግቢያ ላይ የድምፁ ጨዋታ ተለወጠ።

«የኔ ልጅ» አለ ድምፁ አንድ ማለዳ፣ «አንድ ነገር ልልሽ ነበር። ልጅቷ ወደ እንስራው ብትዛወር አይሻልም? ትንሽ ነው የቀረው። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ኖላዊት የወንበሩን ክንድ ያዘች። ከወሰኑ በታች ስለሆነች ሊያስገድዷት አይችሉም፤ እሺታዋን ይፈልጋሉ። እሺ እንድትል የላኩት እናቷን ነው።

«አይሻልም እማዬ» አለች።

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ ድምፁ እንደገና ጠየቀ። ሐኪሞቹ ጎበዞች እንደሆኑ ነገራት። የመጀመሪያውን ልጅ አንስቶ «ያኔ ማሽኑ አሮጌ ነበር፣ አሁን ተለውጧል» አላት። ኖላዊት «አይሆንም» አለች። በሦስተኛው ቀን ድምፁ አለቀሰ።

እናቷን ሲያለቅሱ ሰምታ አታውቅም። አባቷ የሞቱ ዕለት እንኳ ወይዘሮ ህሊና በር ላይ ቆመው የለቀስተኛውን መኪና ሲያስተናግዱ ነው የዋሉት። አሁን ግን በጆሮዋ ውስጥ፣ ትንፋሻቸው ሳይቀር፣ ሳግ እየተናነቃቸው ያለቅሳሉ።

«እባክሽ ልጄ። አንቺን ማጣት አልችልም። እሺ በይኝ።»

ይህን ልቅሶ የሠራው ከየት ወስዶ ነው ብላ አሰበች። ከማን ጉሮሮ። ዓይኗን ገልጣ የጎረቤቱን አረንጓዴ በር አነበበች፤ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ፣ ከሥር የሚታየውን ዝገት።

«እማዬ» አለች በዝግታ፣ «አላዛውራትም። ነገ ስትደውዪ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።»

ልቅሶው ቆመ። ከመሃል፣ ትንፋሽ ሳያስፈልገው።

«እሺ የኔ ልጅ» አለ ድምፁ። «ቁርስሽን በላሽ?»

ምጡ የመጣው እሑድ ከቀትር በፊት ነው። ኬብሮን ደግፎ ባጃጁ ላይ አወጣት፤ ባጃጁ ከሰው ሁሉ ቀድሞ አውቆ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በማዕከሉ የማዋለጃ ክፍል ሲስተር ረድኤት ተቀበለቻት። አስተኝታት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት አየችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ወሰኑ ተነስቷል» አለቻት። «አሁን የፈለጉትን ይሁኑ።»

ኖላዊት መጀመሪያ ምንም አልወጣትም። ብዙ ጊዜ የተዘጋ ነገር ነው። ቀጥሎ የመጣው ምጥ ወገቧን ሲሰነጥቀው አፏ ተከፈተ።

«እናቴን» አለች።

የምታምጥ ሴት እናቷን መጥራቷ አዲስ ነገር አይደለም። በየክፍሉ «እናቴ፣ እናቴ» ይባላል። ኖላዊት ያለችው ግን እናቴን ነው። ጥሪ አልነበረም፤ ሙሾ ነበር። «ወይኔ እናቴን። ሳላይሽ። ማን ዓይንሽን ከደነልሽ፣ እናቴን።» ደረቷን መታች። ፀጉሯን ጨበጠች። ምጡ ሲጋብ እንኳ አላቆመችም፤ ዜማው ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፣ መንገድ ላይ ቆማ መኪና የምታስቆም ሴት፣ ማንንም የማትፈራ ሴት፣ አፏ የማይመለስ ሴት እያለች የእናቷን ስም እየጠራች አወረደችው። ተረኛው ሐኪም ግራ ገብቶት ሲስተር ረድኤትን አያት።

«ምጡ ጠንክሮባት ነው» አለች ሲስተር ረድኤት። ፊቷን ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ አዙራ ቆየች።

ኬብሮን ከበሩ ውጭ ነበር። መጀመሪያ ሲሰማት የሥቃይ ጩኸት ነው ብሎ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ያቺን አንዲት ፊደል ሰማት። ተረድታ ነበር። ጢሙን ያየች ቀን፣ ወጡን የጨመረችለት ቀን ሁሉ ታውቅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ከክፍሉ የሚወጣውን ሙሾ እየሰማ እሱም በዝቅተኛ ድምፅ፣ በስሙ ጠርተውት የማያውቁትን አማቱን አለቀሰ።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ተወለደች። ሙሉ ነበረች፤ ጮኸች።

መርዶው በወጉ የተነገራት ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እትዬ ሊዲያ፣ የዕድሩ ዳኛና ኬብሮን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ግቡ» አለች ኖላዊት። «አውቄያለሁ።»

«ቢሆንም መባል አለበት ልጄ» አሉ እትዬ ሊዲያ። ተቀመጡና ተባለ።

«መናኸሪያ ላይ ነበሩ» አላት ኬብሮን። «ወደ አንቺ ሊመጡ። ለማንም አልነገሩም ነበር። ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡሱን ሲጠብቁ ልባቸው ቆመ። ይርጋ ዓለም እሄዳለሁ ብዬሽ ወልዲያ ስደርስ በድን ነበሩ። ማዕከሉ ደውሎ እንዳትነግራት አለኝ። እነሱ እንደሚይዙት ነገሩኝ። እንዴት እንደሚይዙት አልጠየቅኩም። በኋላ አንቺ ስታወሪ ሰማሁ።»

«ሰምተህ ምን አደረግህ?»

«ወጣሁ» አለ። «በየማለዳው ስልኩ ሲጠራ ወጥቼ ግቢው ውስጥ እቆም ነበር። እፈራው ነበር።»

ከሳምንት በኋላ ሲስተር ረድኤት ዶቃውን ልታወጣ ቤት ድረስ መጣች። ትንሽ ቀደደች፣ አወጣችው፣ ሰፋችው። ዕቃዋን እየሰበሰበች «አንድ ነገር መጠየቅ አለብኝ» አለች። «የእናትዎ መስመር እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ብዙ ሰዎች እንዲቆይላቸው ይጠይቃሉ። ለልጆቹም አያት ይሆናል ይላሉ። ይዘጋ?»

«ይዘጋ» አለ ኬብሮን።

ኖላዊት ልጇን ታጠባለች። ልጅቷ ከማለዳ ጀምሮ ስታለቅስ ነው የዋለችው፤ ጡቱን ትይዛለች፣ ትተወዋለች፣ ትጮኻለች። «አንድ ጊዜ ልደውል» አለች ኖላዊት።

እስከ ዛሬ ደውላለት አታውቅም። ሁልጊዜ የሚደውለው እሱ ነበር። ስልኩ ወዲያው ተነሳ።

«ልጄ? ምነው፣ ሰላም ነሽ?»

«ሰላም ነኝ» አለች። «የምነግርሽ ነገር አለኝ። እናቴ ሞታለች።»

ሲስተር ረድኤት ዕቃዋን እንደያዘች ቆመች። ኬብሮን ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ።

«እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ» አለ ድምፁ፣ በወይዘሮ ህሊና ጉሮሮ። «ምን አገኛት?»

ኖላዊት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ቤቱ ፀጥ ማለቱን ያስተዋለችው። ልጅቷ ማልቀሷን አቁማለች። ጡቱን ትታ፣ ገና በቅጡ የማይቆመውን አንገቷን አዙራ፣ ስልኩን ትፈልጋለች። ይህን ድምፅ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ በየማለዳው ሰምታዋለች። ታውቀዋለች።

«ልጅቷ አጠገብሽ ናት?» አለ ድምፁ። «እስቲ አስጠጊልኝ።»

ፍርሃቱ አሁን የሚቆጥረው ሳይኖር መጣ። ኖላዊት ስልኩን ዘጋችው፤ ለሲስተር ረድኤት ዘረጋችላት።

«ዝጉት» አለች። «አሁኑኑ።»

ነርሷ ወስዳው ወጣች። ኬብሮን በሩን ዘጋው። ልጅቷ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ትንሽ አዳመጠች፤ ከዚያ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ኖላዊት ደረቷ ላይ አስጠግታት በራሷ ድምፅ «እሹሩሩ» አለቻት። ልጅቷ አላወቀቻትም።